እንግዳ የማይለቀው የዙሃል ደጅ

ተረት ተረት!

«የሰማይ በረት» በሉ እንጂ። ምን አፍ አፌን ታዩኛላችሁ? የላም በረቱን ለሌላ ቀን ተዉት፤ የዛሬው ተረት እዚያ አይገባም፣ ይጠበዋል። እህ፣ እንደዚያ ነው። አንተ ደግሞ ጆሮህን መጎርጎር ተውና በእሱ ስማበት።

ድሮ፣ ድሮ፣ ድንጋይ እግር በነበረው ዘመን፣ ሰማይ ላይ አንድ ንጉሥ ነበር። ስሙ ፀሐይ ነው። ቤተ መንግሥቱ መካከል ላይ ነው፣ የባለርስቶቹ ቤት ደግሞ ዙሪያውን። ዛሬ ተማሪ ቤት ፕላኔት የምትሏቸው እነሱ ናቸው። ያን ጊዜ ግን ባለርስት ነበሩ፤ እንደ ማንኛውም ባለርስት ይጣላሉ፣ ይካሰሳሉ፣ ድንበር ይገፋሉ።

ከሩቆቹ ባለርስቶች አንዷ ዙሃል ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ ብርድ አገር የምትኖር ሴት ናት። የንጉሡ ሙቀት እሷ ቤት ሲደርስ እንዳደረ ሽሮ ቀዝቅዞ ነው። ሀብት የላትም፣ ዘመድ የላትም። ምላስ ግን አላት። ዙሃል ወሬ ከጀመረች ድንጋይ ቁጭ ብሎ ይሰማታል። ለማጋነን አይደለም፣ ቆይታችሁ ታያላችሁ።

ጎረቤቷ ደጃዝማች መሽተሪ ነበር። መሽተሪ ትልቅ ነው። ሌሎቹ ባለርስቶች ሁሉ ተጠቅልለው ቢገቡበት ሆዱ ገና ቦታ ይተርፈዋል። ክንዱ ረጅም ነው፣ የያዘውን አይለቅም። በየዓመቱ ድንበሩን አንድ እርምጃ ወደ ዙሃል ይገፋል። ስትጮህበት ይስቃል። የጎረቤት ሌባ ቢያዩት ይስቅ፣ ባያዩት ይሰርቅ የተባለው ለእሱ ነው። በዚህ ዓይነት ጓሮዋን ጨርሶ ወደ ደጇ ተቃረበ።

ዙሃል ከሰሰች። ንጉሡ ፊት ቀረቡ። እሷ ባሏ የተከለውን የድንበር ምልክት ጠቀሰች፣ ምስክር ጠራች፣ ነገሩን ከሥሩ አስረዳች። መሽተሪ ሆዱን እያሻሸ ቆመ። ንጉሡ ደግሞ አንድ ጠባይ ነበረው፤ ያበራል እንጂ አይመረምርም። ክርክሩ ሲረዝምበት አዛጋ፣ አዛግቶም ፈረደ።

«ሰው ያለው እውነት አለው» አለ። «በሚመጣው የግብር ድግስ ከሁለታችሁ ብዙ አጃቢ አስከትሎ የመጣ፣ የሌላውን ርስት ይውሰድ።»

ይኼ ፍርድ ነው? አይደለም። ግን ምን ይደረግ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ። እነሱ ደግሞ ያሉት እዚያው ሰማዩ ላይ ነው።

ዙሃል ቤቷ ገብታ አለቀሰች። ማንን ታስከትል? ያን ጊዜ ጨረቃ የሚባል ነገር ማንም አልነበረውም። መሽተሪ በዚያ ክንዱ የሆነውን ሁሉ ጎትቶ እንደሚያስከትል ታውቃለች። ርስቷ ከሄደ የምትወድቅበት የላትም። ከእሷም ወዲያ ሁለት ቤት አለ ይላሉ፤ እኔ አላየኋቸውም፣ ያላየሁትን አላወራም።

እንግዲህ ሰማይ ተሠርቶ ሲያልቅ የተረፈ ድንጋይ ነበር። ቤት ተሠርቶ የተረፈ ድንጋይ የት እንደሚጣል መቼም ታውቃላችሁ። እነዚህም ደጅ የወደቁ ነበሩ፣ ቁጥራቸው ደግሞ መዓት ነው። አንድ ቀን ተማከሩና ተጠግተን የምንኖርበት ቤት እንፈልግ ብለው ተነሡ። አለቃቸው ጭጋግ የለበሰ ትልቅ ድንጋይ ነበር፤ ጉሜ ይሉታል።

መጀመሪያ ቤተ መንግሥቱ ደጅ ቀረቡ። የንጉሡ አጋፋሪ፣ ያ ጅራታሙ ኮከብ፣ በጅራቱ ጠርጎ አባረራቸው። ከዚያ አጣርድ ቤት ሄዱ። አጣርድ ንጉሡ ጉልበት ሥር የሚኖር ተላላኪ ነው። ቤቶች፣ የመሸብን እንግዶች ነን አሉት። የመሸበት እንግዳ አይመለስም፤ የአባቶቻችን ሕግ ነው። አጣርድ ብቅ አለና በአገጩ ወደ ንጉሡ ጠቆመ። አገሩ ብርሃን በብርሃን ነው። የት ነው የመሸው ብሎ በሩን ዘጋው። እንዲህ ያለ ሕግ አዋቂ ነው፣ እስከ ዛሬም አንድ ጨረቃ የለውም።

ዝሁራ ቤት ሄዱ። ዝሁራ ቆንጆ ናት፣ ከሩቅ ያያት ሁሉ ያመሰግናታል። ቤቷ ግን መስኮት የለውም፣ ጭስ ታፍኖበታል። በሩ ገርበብ ሲል ወላፈኑ ፊታቸውን ለበለባቸው። እሷም መስታወቷን ሳታስቀምጥ፣ ዛሬ አልተመቸኝም፣ ነገ ተመለሱ አለች። የዝሁራ አንድ ቀን ከዓመቷ ይረዝማል። ማን ይጠብቃል? እሷም ባዶዋን ቀረች።

ከዚያ መሬት ቤት መጡ፤ ወደ እኛ ማለት ነው። መሬት ቸር ናት፣ ግቡ አለች። ችግሩ ልጆቿ ናቸው። እንግዶቹ ሳይቀመጡ አንዱ ልጅ ልብሳቸውን ይጎትታል፣ ሌላው ኪሳቸውን ይዳብሳል፣ ሦስተኛው መቼ ነው የምትሄዱት ይላል። ሁሉም ተነሥተው ወጡ። አንዲቷ ብቻ፣ እግሯን አሟት ስለነበር፣ ቀረች። እሷም ብትሆን አላመነችንም። ጨረቃ እስከ ዛሬ ፊቷን እንጂ ጀርባዋን የማታሳየን ለዚህ ነው። ሌባ ያለበት ቤት ማን ጀርባውን ይሰጣል?

መሪሕ ቤት ደረሱ። መሪሕ ወታደር ነው፣ ዓይኑ ደም የለበሰ። ትልቅ አጃቢ አጠገቡ ቢቆም እንዳያሳንሰው ፈራ። ከመካከላቸው ድንች የሚመስሉ ሁለት ትንንሾች መረጠና የቀረውን አሰናበተ። ይኸው ዛሬም ሁለት ድንች አስከትሎ ይፎክራል።

መሽተሪ ደግሞ እስኪያንኳኩ አልጠበቀም። መንገድ ዳር ተቀምጦ ነበር። ሲመጡ ሲያይ ያንን ክንዱን ዘረጋና እንደ እህል አፈሳቸው። ግቡ የለ፣ እንደምን አመሻችሁ የለ። ዘጠና ያህሉን በአንድ አፍታ ግቢው ውስጥ ከተታቸው። ጉሜና ጥቂት ጓደኞቹ ብቻ በጣቶቹ መካከል ሾልከው አመለጡ።

ዙሃል ደጅ ሲደርሱ በእውነትም መሽቶባቸው ነበር። ተርበዋል፣ ደክመዋል፣ በየበሩ ተሰድበዋል። የጉሜ ድምፅ ሊጠፋ ደርሶ ነበር።

«ቤቶች» አለ።

«ቤት የእግዜር ነው፣ ግቡ» አለች ዙሃል።

ስታለቅስ ነው የደረሱት። ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ለዚያ ማታ እራት ያላት አንድ እፍኝ ባቄላ ብቻ ነው። አሹቅ አድርጋ አቀረበችው፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ፍሬ ደረሰው። እነሱ በይሉኝታ ጠግበናል አሉ፤ እሷ በሞቴ እያለች የራሷን ድርሻ አጎረሰቻቸው። ባቄላው ሲያልቅ ወሬ ጀመረች። አጣርድ የማን መልእክት ጠፍቶበት የማንን እንዳደረሰ፣ ዝሁራ ከማን ጋር እንደተኳረፈች፣ ሁሉንም አወራች። ድንጋዮቹ እየሳቁ ሆዳቸውን ያዙ።

ሲነጋ እንግዶቹ ሸክም እንዳይሆኑባት ሊሄዱ ተነሡ። ዙሃልም ልትሸኛቸው ወጣች። መቼም የእኛን አገር አሸኛኘት ታውቃላችሁ። እንግዳ ተነሥቶ ደህና ዋሉ ሲል ወሬው ያለቀ ይመስላል። ምን ሲደረግ፣ ዋናው ወሬ ያለው በር ላይ ነው። አጥሩ ጥግ ሲደርሱ ዙሃል ቆም አለች።

«ውይ፣ ዋናውን ሳልነግራችሁ» አለች። «ደጃዝማች መሽተሪ በወጣትነታቸው፣ ሰው የሌለ መስሏቸው፣ ጓሯቸው ውስጥ ምን ሲያደርጉ እንዳየኋቸው…»

ድንጋዮቹ እግራቸው ተያዘ። እሷ አጥሩን እየታከከች ትሄዳለች፣ ታወራለች። እነሱም እየሰሙ ይከተሏታል። ነገሩ ሊደርስ ሲል ሌላ ነገር ታስገባለች፣ ያኛው ሊያልቅ ሲል ደግሞ የሦስተኛ ሰው ነገር ይነሣል። ሲነቁ ቤቱን ዞረው እዚያው በሩ ላይ ናቸው። መቼስ ደርሳችኋል፣ ግቡ አለች። ገቡ። በማግሥቱም ሊሄዱ ተነሡ፤ በማግሥቱም ዞረው መጡ። በመጀመሪያው ቀን ሳታስበው ነው የሆነው። በሁለተኛው ቀን ነቃች። በሦስተኛው ቀን ግን አጥሩን ስትዞር ከኋላዋ ያለውን ሰልፍ አየችና፣ አጃቢ ማለት ይኼው አይደል ወይ ብላ ልቧ ሞቀ። ጨረቃ ቤት መዞር የጀመረችው ያኔ ነው። በሌሎቹም ቤት ያሉት ሰምተው እንደዚያው ያዙት።

መሽተሪ ይህን ሲሰማ ሳቀ። ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም አለ። ሳምንት ሳይሞላ ግን መንገደኛ ድንጋይ ሁሉ የወሬውን መጨረሻ ልስማ እያለ ወደ ዙሃል ቤት ይጎርፍ ጀመር። መሽተሪ አጥሩ ላይ ወጥቶ ቢያይ ግቢዋ ሞልቷል። ሳቁ ቆመ።

መጀመሪያ ድግስ ደገሰ። ሥጋ አለ፣ ጠጅ አለ፣ ኑ ብሎ ላከባቸው። የዙሃል እንግዶች ባቄላ ሰልችቷቸው ነበርና ሄዱ። መሽተሪ ቤት አራት ወፋፍራም ጨረቃዎች ነበሩ፤ ከገበታው ፊት ተቀምጠው ፍትፍቱን ሁሉ እነሱ ጨረሱት። ለቀሩት አጥንት ደረሳቸው። መሽተሪም ፊቱን አጥቁሮ ማን ስንት እንደጎረሰ ይጠብቃል። አንዱ ትንሽ ድንጋይ እየጋጠ ሳለ ያ የዙሃል ወሬ ትዝ አለው። ወሬው የሚወራበትን መሽተሪን ቀና ብሎ አየው፣ ሳቁ አመለጠው፣ አጥንቱም አነቀው። ሁሉም ተነሥተው ወደ ዙሃል ተመለሱ። ከመሽተሪም ቤት አጥንት የሰለቻቸው አሥር ያህል አብረዋቸው ወጡ።

ቀጥሎ በጉልበት መጣ። ድንበር ላይ ቆሞ ክንዱን ዘረጋና አንዷን ትልቅ ድንጋይ እግሯን ያዘ። ድንጋይቱ የዙሃልን ወሬ እየሰማች ስለነበር አልሄድም ብላ ወደዚህ ሳበች። እሱም ወደዚያ ሳበ። ምን ይሆናል? ተሰበረች። ሺህ ቦታ ሆነች። ዙሃል የእንግዳዬ ደም በደጄ ፈሰሰ ብላ ደረቷን እየደቃች ፍርስራሹ ላይ ተደፋች። ያን ጊዜ ከሥሯ አንዲት ፍንካች ድምፅ አሰማች። እትዬ ዙሃል፣ ከዚያስ ምን ሆነ አለች። ሌላዋም ፍንካች ከዚያስ አለች። ሺሁም ከዚያስ፣ ከዚያስ ይሉ ጀመር። ዙሃል እንባዋን ዋጠችና አንድ በአንድ ሰብስባ ከግድግዳው ውጭ ቤቷን ዙሪያውን መደብ አድርጋ ደረደረቻቸው። መደብ ስታገኝ ደግሞ የእንግዳ መቀመጫው በዛ። ያ መደብ ዛሬም አለ፣ ዙሃልን በሩቅ ማያ መነጽር ያያት ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

በሦስተኛው መሽተሪ ራሱ መጣ። ምን እንደሚወራበት ማወቅ አንጀቱን በላው። አጃቢዎቹን ሁሉ አስከትሎ አጥሯ ሥር አደፈጠ። ያንን የሚያህል ሰውዬ ምን አጥር ይሸፍነዋል? ዙሃል አየችው፣ እንዳላየች ሆነች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ያንን የጓሮ ወሬ ከመጀመሪያው አነሣች። ሊደርስ፣ ሊደርስ፣ ሊደርስ አለና፣ ባቄላው እንዳያርብኝ ብላ ወደ ቤት ገባች። መሽተሪ ተናዶ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ቤቱ ገብቶ ዞር ሲል ከኋላው ከነበሩት ብዙዎቹ የሉም። ባቄላው እስኪበስል እዚያው አጥሩ ሥር ቀርተዋል።

የግብሩ ቀን ደረሰ። ባለርስት ሁሉ አጃቢውን አስከትሎ መጣ። ዙሃልም መደቧን ጭምር አንቀሳቅሳ መጣች። አጋፋሪው ጅራቱን ጠቅልሎ ሊቆጥር ተነሣ። መሽተሪ ሞኝ አልነበረም፤ እንደሚሸነፍ አይቷል። ንጉሡ ፊት ቀርቦ እጅ ነሣ።

«ጃንሆይ፣ ይቺ ሴት አጃቢ የላትም» አለ። «እነዚህ ያላለቀ ወሬ የያዛቸው ናቸው። እዚሁ ትጨርሰውና ስንት እንደሚቀርላት እንቁጠር።»

ንጉሡ ፍርድ እንጂ ወሬ ሰልችቶት አያውቅም። ጨርሺው አለ።

ዙሃል በልቧ አሰላች። ወሬው ካለቀ እንግዳው ይሄዳል፣ እንግዳው ከሄደ ርስቷ ሄደ። ካልጨረሰች ደግሞ የንጉሥ ቃል መናቅ ነው። ወደ መሽተሪ ዞር ብላ ይቅርብዎት አለችው። ፈራች ብሎ ሳቀ። ይቅርብዎት ደጃዝማች፣ ለእርስዎም አይበጅም አለችው። ትጨርስ አለ። ለሦስተኛ ጊዜ በሞቴ ይቅርብዎት አለችው። እሱ እግሩን እየመታ፣ አዳራሹ ሁሉ እየሰማው፣ ትጨርስ ብሎ ጮኸ።

«እንግዲህ እሳቸው ካሉ» አለች ዙሃል። «ጃንሆይ፣ ደጃዝማች ጓሯቸው ውስጥ በገዛ ሆዳቸው ውስጥ እሳት ሊያነዱ ይሞክሩ ነበር። ትንፋሻቸውን ይይዙና ይነፋሉ፣ ይነፋሉ፣ ፊታቸው ቲማቲም ያክላል። ከዚያ ኩሬ ላይ ጎንበስ ብለው መልካቸውን ያያሉ። ‹አሁንስ ፀሐይ አልሆንኩም?› ይላሉ። አይሆኑም። ያ የሚያዩት ሆድ፣ ጃንሆይ፣ ያኔ የገባ ነፋስ ነው። እኔም ውስጤ ነፋስ ነው፣ አልደብቅም፤ ግን ነፋሴን ይዤ ንጉሥ ልሁን አላልኩም።»

ያ ማዛጋት የሚወድ ንጉሥ አላዛጋም። ቀስ ብሎ ዞረና መሽተሪን አንድ ጊዜ አየው። አንድ ጊዜ ብቻ። ዓይኑ ያረፈበት የመሽተሪ ጉንጭ ላይ ቀይ ቁስል ወጣ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልሻረም።

ዙሃል ግን ያንን አላየችም። የምታየው እንግዶቿን ነው። ወሬው አልቋል። ጉሜ ጭጋጉን ሰብስቦ ተነሣ፣ ሌሎቹም ተነሡ፣ ተራ በተራ ወደ በሩ ሄዱ። ዙሃል ራሷን ያዘች፤ ባሌ ያቆየልኝን ርስት በገዛ አፌ ሸጥኩት ብላ አነባች። እነሱም በሩ ላይ ደረሱ። ደርሰውም ቆሙ። የንጉሡን አስተያየት አየኸው፣ ጉንጩን አየሽው እየተባባሉ እዚያው መግቢያው ላይ ወሬ ያዙ።

«አትሄዱም እንዴ?» አለች ዙሃል፣ ማመን አቅቷት።

«ወሬው አለቀ ብለን ነው እትዬ ዙሃል?» አለ ጉሜ። «መጨረሻውንማ የመጀመሪያው ቀን ገምተነዋል። የዚያን ሰውዬ ሆድ ያየ ይጠፋዋል? ስንት በር አንኳኳን፤ ስንመጣ ፊትዎ ያልጠቆረብን እርስዎ ብቻ ነዎት። የቀረነው ለዚያ ነው።»

ዙሃል እንደገና አለቀሰች፣ አሁን ግን እየሳቀች ነው።

አጋፋሪው እዚያው በሩ ላይ ቆጠራቸው። የመሽተሪ ቶሎ አለቀ። የዙሃል መቶ አለፈ፣ ሌላም ተጨመረ። መደቡ ላይ ያሉት ፍንካቾችም እኛስ ከዚህ ቤት አይደለንም ወይ ብለው ተሟገቱ። አጋፋሪው ጅራቱ እስኪዝል ቆጥሮ ተወው። ዛሬም በመነጽር የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ ይባላል፤ ጨረስን ባሉ ቁጥር አንዲት ከጓሮ ብቅ ትላለች።

ንጉሡ ፈረደ። የመሽተሪ ርስት ለዙሃል ይሁን አለ። እሷ ግን አልፈልግም አለች። ያንን ሁሉ ቤት ማን ይጠርገዋል፣ አራቱን ወፋፍራሞችስ ማን ይቀልባል፤ የገፉብኝን ድንበር ብቻ ይመልሱልኝ አለች። ተመለሰላት። መሽተሪም መንገድ ጠባቂ ይሁን ተባለ፤ ከሩቅ የሚወረወረውን ድንጋይ ሁሉ በዚያ በነፋስ በተሞላ ጀርባው እንዲቀበል። እስካሁን እየተቀበለ ነው።

እንግዲህ ጨረቃ ለአንዱ በዝቶ ለአንዱ የጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። አባቶቻችን ከፍትፍቱ ፊቱ የሚሉት ዝም ብለው አይደለም። መሽተሪ ፍትፍት ነበረው፤ ዙሃል ሦስት ፍሬ ባቄላና ፊቷ ነበራት።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በአሹቅ አብሱ። በሉ ተነሡ፣ ወደየቤታችሁ። ደህና ዋሉም ተባብለናል፣ አለቀ።

ምነው፣ በሩ ላይ ምን ይዟችሁ ቆማችሁ?